«ደመወዝ፦ በስምምነት»

አባቶቻችን «ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል» ይላሉ። ምክሩ ለልጅ መልካም ነው። ልጅ ከእናቱ እጅ ግማሽ እንጀራ ተቀብሎ ስለ ቀረው ግማሽ ቢያለቅስ፥ የእናቱ ልብ ይራራና ትጨምርለታለች። የመሥሪያ ቤት ሹም ግን እናት አይደለም፤ የደመወዝ መክፈያ መዝገብም ዕንባ አይቶ አይራራም። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት ወጥተን ሥራ የያዝን ወጣቶች አብዛኞቻችን ይህን ለልጅ የተሰጠ ምክር እንደ ያዝን ስለምንኖር፥ የሰጡንን ተቀብለን እናለቅሳለን። የምናለቅሰውም በሹሙ ፊት አይደለም፤ በምሳ ሰዓት በሻይ ቤት፥ ማታም በየቤታችን ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ ልቅሶ ነው።

ሥራ የፈለገ ሰው ሁሉ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያን መልክ ያውቀዋል። ከላይ የሥራው መጠሪያ ይመጣል፤ ቀጥሎ የትምህርት ደረጃ፥ ቀጥሎ የሥራ ልምድ፥ ቀጥሎ ተፈላጊ ብዛት፥ ቀጥሎ የሥራ ቦታ፤ በመጨረሻም «ደመወዝ፦ በስምምነት» የምትል አጭር መስመር ትገኛለች። ማስታወቂያውን ያወጣው ድርጅት አመልካቹ ስንት ዓመት እንደ ተማረ፥ ስንት ዓመት እንደ ሠራ፥ ውጤቱ ስንት እንደ ሆነ፥ አንዳንድ ጊዜም ዕድሜውን ሳይቀር በቁጥር ይጠይቃል። የራሱ ተራ ሲደርስ ግን ቁጥር ይጠፋዋል። ስምምነት የሚለው ቃል እጅግ ያማረ ቃል ነው። ነገር ግን ስምምነት ሁለት ተናጋሪዎችን ይፈልጋል። አንዱ ዋጋውን እያወቀ ዝም ብሎ፥ ሌላውም ዋጋውን ሳያውቅ ዝም ብሎ የተዋዋሉት ነገር ስምምነት ሊባል አይገባውም።

ስለ ሌላ ሰው ከመናገራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ በተጠራን ጊዜ፥ ማታውን ከቤት ጓደኞቻችን ጋር ስንለማመድ አመሸን። አንደኛው ጓደኛችን እንደ ሹም ሆኖ አልጋው ላይ ይቀመጥና «ስንት ትጠብቃለህ?» ይለናል። እኛም ድምፃችንን አጥርተን «12,000 ብር» እንላለን። በማግስቱ በሦስት ጠያቂዎች ፊት በተቀመጥን ጊዜ ሁሉም ነገር በመልካም ሄደ። የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። ያን ጊዜ ማታ ያጠናነው ቁጥር ጉሮሯችን ላይ ቆመ፤ አፋችንም ያለ ፈቃዳችን «እሱን እንግዲህ ድርጅቱ እንዳየኝ» ብሎ ተናገረ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ፈገግ ብለው በወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ድርጅቱም እንዳየን አየን፤ 9,000 ብር።

ሦስት ወር ያህል ደስ ብሎን ሠራን። ከዕለታት አንድ ቀን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር በማተሚያው መሣሪያ ላይ ተረስቶ አገኘን። ማንበብ አይገባንም ነበር፤ ነገር ግን አነበብነው። ከእኛ ጋር በአንድ ሳምንት የተቀጠረ፥ ከጎናችን የሚቀመጥ፥ ያንኑ ትምህርት ተምሮ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ባልደረባችን 12,000 ብር ይከፈለዋል። ቁጣችን በማን ላይ እንደ ወረደ ብንናገር አንባቢ ይስቅብናል። በድርጅቱ ላይ አይደለም፤ በራሳችንም ላይ አይደለም፤ በዚያ ምንም ባላጠፋ ባልደረባችን ላይ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ አብረነው ቡና አልጠጣንም። በኋላ እሱ ራሱ «ምን በደልኩህ?» ብሎ ቢጠይቀን ነገሩን ነገርነው። እሱም ደንግጦ «ስንት ትፈልጋለህ አሉኝ፤ 13,000 አልኳቸው፤ 12,000 ሰጡኝ፤ ይኸው ነው» አለን። በሁለታችን መካከል የነበረው የ3,000 ብር ልዩነት የዕውቀት ወይም የትጋት ልዩነት አልነበረም፤ የአንድ ዓረፍተ ነገር ልዩነት ነበር። በዓመት ሲታሰብ 36,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ያንን ያህል የተወደደ ዓረፍተ ነገር ተናግረን አናውቅም።

እንግዲህ አፋችንን የያዘው ምንድን ነው? ይሉኝታ ነው። ገንዘብ መጥራት ስግብግብነት ይመስለናል። ሽማግሌ በተቀመጠበት ስለ ዋጋ መናገር ነውር ሆኖ ያደግን ሰዎች፥ ከጠያቂዎች ፊት ስንቀመጥ ለሥራ የመጣን ሳይሆን ለልመና የመጣን ይመስለናል። ይሁን እንጂ ደመወዝ የሚለውን ቃል ራሱን «ደምና ወዝ» ብለው የሚፈቱ ሰዎች አሉ። ፍቺው ትክክል ይሁንም አይሁን፥ ሐሳቡ ትክክል ነው። ሰው በደሙና በወዙ ስለሚያገኘው ነገር መነጋገር የሚያሳፍረው ስለ ምንድን ነው? በገበያ ጤፍ የሚሸጥ ገበሬ ዋጋውን ሲጠየቅ «እንዳያችሁ» አይልም። የቤት አከራያችንም ኪራይ ሲጨምሩ «እንደ ፈቃድህ» ብለውን አያውቁም።

የዝምታው ጉዳት በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ብቻ አይቀርም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን አንዲት እኅታችን ከጎኗ ያለው ወንድ ስንት እንደሚከፈለው የማታውቅ ከሆነች፥ መብቷ መነካቱን በምን ታውቃለች? ደመወዝ በተሰወረበት ቤት የእኩልነት መብትም አብሮ ይሰወራል።

የመንግሥት ሥራ በዚህ ረገድ አንድ የሚመሰገን ጠባይ አለው። የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት በአንድ ደንብ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም የታሰበው፥ ደመወዝ በሹም ፈቃድ ሳይሆን በታወቀ ደረጃ እንዲሆን ነበር። ዛሬም የመንግሥት ማስታወቂያ ደረጃውንና የደመወዙን ልክ ጽፎ ይለጠፋል። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ የአንድ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ማለቱን ሀገር ሁሉ ሰምቷል። ቁጥሩ ከኑሮው ውድነት ጋር ሲመዛዘን ያንሳል የሚል ብዙ ነው፤ እኛም ከእነዚሁ ወገን ነን። ነገር ግን ቢያንስም የታወቀ ነው። የታወቀን ቁጥር ሰው ሊቀበለውም፥ ሊከራከርበትም፥ ትቶት ሊሄድም ይችላል። ያልታወቀን ቁጥር ግን ማማት ብቻ ነው የሚቻለው።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላም ቢሆን ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ ጓደኛችን ባለፈው ጊዜ ከአንድ የግል ድርጅት 15,000 ብር ቀረበለት። እሱ የሚከፈለው 11,500 ብር ስለ ነበረ «3,500 ብር ጭማሪ አገኘሁ» እያለ ወደ እኛ መጣ። ወረቀትና እርሳስ አንሥተን ተቀመጥን። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በየደረጃው ከ15 በመቶ ጀምሮ እያደገ ሄዶ፥ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፥ ማለት 805 ብር፥ ሲነሣ በእጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከ15,000 ብር ላይ ደግሞ 3,200 ብር ግብርና 1,050 ብር የጡረታ መዋጮ ሲነሣ 10,750 ብር ይቀራል። እንግዲህ በወረቀት 3,500 የነበረው ጭማሪ በእጅ 2,155 ብር ሆነ።

ጓደኛችን ዝም አለ። ቀጥለንም አዲሱ ሥራ የት እንደ ሆነ ጠየቅነው። ካለበት ቤት ሁለት ታክሲ ይያዛል። ቅዳሜስ? እስከ እኩለ ቀን ይሠራል፤ እርሱ ያለበት መሥሪያ ቤት ግን ቅዳሜ ዝግ ነው። ምሳስ? የአሁኑ መሥሪያ ቤቱ ርካሽ የሠራተኛ ክበብ አለው፤ አዲሱ የለውም። «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እያልን ስንቀልድበት፥ እሱ ራሱ አብሮን ሳቀ። በመጨረሻ ሄደ እንጂ አልቀረም። የሄደው ግን በ3,500 ብር ተታሎ ሳይሆን፥ በዚያ ቤት የሚማረውን ሙያ ፈልጎ፥ ጭማሪው 2,155 ብር መሆኑን አውቆ ነው። እንደዚህ ያለውን አካሄድ እናከብራለን። ሰው ባነሰ ገንዘብ ለመሥራት መወሰኑ ሞኝነት አይደለም፤ ሞኝነቱ ምን ያህል እንደሚያንስ ሳያውቁ መወሰን ነው።

ሌላው ወዳጃችን ግን እንዲህ አልቀናውም። አንድ ሐሙስ ቀን ከአንድ ድርጅት ስልክ ተደውሎለት «ተመርጠሃል፤ በሚመጣው ወር ትጀምራለህ» ተባለ። ዓርብ ዕለት የመልቀቂያ ማመልከቻውን አስገባ። ቅዳሜ ባልደረቦቹን ምሳ ጋበዘ። የመልቀቂያው ጊዜ አልቆ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ቢሄድ «የበጀቱ ነገር ስላላለቀ ጥቂት ታገሠን» ተባለ። ጥቂቱ ሦስት ወር ሆነ። ወደ ቀድሞው ቦታው እንዳይመለስ ሌላ ሰው ተተክቶበታል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተትዋንም አላይ» የሚባለው ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ያልሆነ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ አድርጎ፥ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። ነገር ግን ሕጉ ሊረዳ የሚችለው ሥራ የጀመረን ሰው ነው። በስልክ ድምፅ ላይ ቤቱን ያፈረሰን ሰው ማን ይጠግነዋል?

ሥራ ከጀመሩ በኋላም ቢሆን ወዲያው መዝናናት አይገባም። ይኸው አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛውን፥ ሠራተኛውም አሠሪውን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበተው ይችላል። ስለዚህ ቦታ የሚለውጥ ሰው የሁለት ሦስት ወር ስንቅ ሳይዝ የቆየ ሥራውን ቢለቅ፥ ድፍረቱን እንጂ ብልሃቱን አናደንቅለትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን የሥራ ልምድ ማስረጃ ጉዳይ ነው። አዲሱ መሥሪያ ቤት «የሥራ ልምድህን አምጣ» ይላል። ማስረጃውን የሚሰጠው የአሁኑ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ገና ያላገኘውን ሥራ ለመጠየቅ፥ ያለውን ሥራ ሊለቅ እንዳሰበ ለአለቃው ማሳወቅ ግድ ይሆንበታል። አንዲት የምናውቃት ወጣት ማስረጃ ለመጠየቅ ወደ አለቃዋ በገባች ጊዜ «ምነው ልጄ፥ ልትለቂን ነው እንዴ?» አሏት። እሷም በድንጋጤ «ኧረ አይደለም ጋሼ፥ ለባንክ ብድር ፈልጌው ነው» ብላ ዋሸች። ማስረጃው እስኪጻፍ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ የማመልከቻው ቀን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሥልጠና በመጣ ቁጥር «እሷ እኮ ልትሄድ ነው» እየተባለች ትታለፋለች። ሳትሄድ እንደ ሄደች ተቆጠረች።

ይህ አለቃ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ እናውቃለን። ሠራተኛ መሄዱ ሥራቸውን ያጎድልባቸዋል። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው አዋጅ በሚመለከታቸው ቤቶች ሁሉ፥ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሠራውን ሥራ፥ ያገለገለበትን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ግዴታ ደግሞ ምክንያት አያስጠይቅም። ማስረጃ ውለታ መስሎ በሚሰጥበት ቤት ሐቀኛ ሠራተኛ ውሸት ይማራል። አንድ ጊዜ ስለ ማስረጃ የዋሸ ሰው፥ ሁለተኛ ስለ ሕመም፥ ሦስተኛም ስለ ለቅሶ ቢዋሽ አስተማሪው ማን ነው?

እንዲሁም በእጅ ያለውን ወርቅ እንደ መዳብ መቁጠር የአለቆች የቆየ ልማድ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ስንኳ ያልታየ ሠራተኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ባስገባ ዕለት በድንገት ይታያል። «ለምን አልነገርከንም? እንጨምርልሃለን እኮ» ይባላል። እኛም እንጠይቃለን፤ የዛሬው ገንዘብ ትናንት የት ነበረ? በዚህ መንገድ ጭማሪ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ሁሉ አንድ ትምህርት ያስተምራቸዋል፤ ይኸውም «ጭማሪ ብትፈልጉ ለመሄድ አስፈራሩ» የሚል ነው። ታማኙ ዝም ብሎ ይሠራና ባለበት ይቀራል፤ አስፈራሪው ያድጋል። ጥቂት ቆይቶም ታማኙ ወይ ይሄዳል፥ ወይ ደግሞ ከባለጉዳይ እጅ የሚያይ ይሆናል። «ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ተረት እንደ ምክር የሚጠቅሱ ሰዎች የሚበዙት፥ ቅን ሥራ በቅን ዋጋ በማይከፈልበት ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር ወጣቱን ንጹሕ አድርገን ማቅረባችን አይደለም። አሠሪዎችም የሚያሰሙት እሮሮ እውነት አለበት። ቅጥሩን ተቀብሎ፥ ፈርሞ፥ በመግቢያው ቀን ስልኩን የሚዘጋ አለ። ከአንዱ ድርጅት የተሰጠውን የቅጥር ደብዳቤ በሌላው ድርጅት ፊት እንደ ጨረታ የሚያውለበልብ አለ። ሥራውን ለሚተካው ሰው ሳያስረክብ፥ ፋይሉን በመሳቢያ ቆልፎ፥ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚጠፋም አለ። ሕጉ ሠራተኛው ከመልቀቁ በፊት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ በኋላ ለሥራ የሚመጣ ታናሽ ወንድማችን በሩን ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ የሚያገኘው በእኛ አወጣጥ ነው። ደመወዙን በግልጽ የሚጠይቅ ሰው ቃሉንም በግልጽ መጠበቅ አለበት።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት መደረግ የሚገባው ይህ ነው።

አንደኛ፥ አሠሪዎች ደመወዙን በማስታወቂያው ላይ ይጻፉ። አንዱን ቁጥር መወሰን ቢያስቸግር እንኳ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መግለጽ ይቻላል። ይህ ለአመልካቹ ብቻ ሳይሆን ለድርጅቱም ይጠቅማል፤ የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ይቀራልና የጠያቂዎቹም ጊዜ አይባክንም።

ሁለተኛ፥ አመልካች የሆነ ወጣት ከቤቱ ሳይወጣ ሁለት ቁጥር ይያዝ። አንዱ የሚፈልገው፥ ሁለተኛው ከዚያ በታች የማይቀበለው ነው። ሲጠየቅም ሳያፍርና ሳይታበይ የመጀመሪያውን ይናገር። «ይህ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? የጡረታ መዋጮ ይከፈላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ እንዲከፍል ሕግ ያዝዘዋልና፥ ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ቤት ካለ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛ፥ የተፈረመ ደብዳቤ በእጅ ሳይገባ የመልቀቂያ ማመልከቻ አይጻፍ። የስልክ ድምፅ ደብዳቤ አይደለም።

አራተኛ፥ አለቆች የሥራ ልምድ ማስረጃን ያለ ምርመራ ይስጡ፤ ጭማሪንም ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቁ። በዓመት አንድ ቀን ሠራተኛቸውን ጠርተው «ሥራህ እንዲህ ነው፤ ደመወዝህም በዚህ ምክንያት ይህን ያህል ነው» ቢሉት፥ መጨመር እንኳ ባይችሉ፥ ሰውዬው ተቆጥሮ እንዳልተረሳ ያውቃል።

አምስተኛ፥ እኛ ባልደረቦች እርስ በርሳችን አንዋጥ። የጎረቤታችን ደመወዝ ከእኛ ቢበልጥ ሌባው እሱ አይደለም። እኛ ያንን ሳምንት ቡናችንን ብቻችንን የጠጣነው በከንቱ ነበር። ያ ባልደረባችን በኋላ ከእኛ ጋር ተቀምጦ የጭማሪ ማመልከቻ አስጻፈን፤ ከአለቃችን ፊትም እንዴት እንደምንናገር በምሳ ሰዓት አለማመደን። ከሁለት ወር በኋላ 11,000 ብር ሆነልን። ሙሉውን አላገኘንም፤ ነገር ግን በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ደመወዛችን ተስማማን ማለት የቻልነው በዚያ ቀን ነው። አለቃችንም እንደ ፈራነው አልተቆጡም። ያሉት ቃል ቢኖር «ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ለምን አልተናገርክም?» የሚል ብቻ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ያን ቀን መልስ አልነበረንም። ዛሬ ግን አለን። ያልተናገርነው የሰጡትን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ብልጥ ነው ተብለን ስላደግን ነው። ተረቱን አንንቀውም፤ ለልጅ የተነገረ ነውና ለልጅ እንተወው። አካለ መጠን ያደረሰ ሰው ግን ከመያዙ በፊት ይናገራል፤ ከያዘ በኋላም አያለቅስም፤ ይሠራል። ነገ ጠዋት ከጠያቂዎች ፊት የምትቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች ካላችሁ ይቅናችሁ። ቁጥራችሁን ግን ቤት ረስታችሁ እንዳትሄዱ።